ከሲሚንቶ ወለል የወጣች ጨረቃ

የቢሮው ኃላፊ አቶ ፊሊጶስ የሠራኋትን ጨረቃ አንድ ደቂቃ እንኳ አላዩዋትም።

"ይሄ ፎቶ ነው" አሉኝ። "ከኢንተርኔት ያወረድሽው። ፈተናው ግን ጨረቃን ራስሽ ሥሪ ነው የሚለው።"

ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኢምባካሲ ሰፈር የጭነት መጋዘን ውስጥ የዕቃ ሰነድ ስሞላ ስንቱን ውሸታም አይቻለሁ፤ እኔን ግን ውሸታም ያለኝ አልነበረም። ጊጊሪ ያለው ይህ የሕፃናት መጽሐፍ ቢሮ ሠዓሊ ይፈልጋል ሲባል፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላኝና የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥኩ እያወቅኩ አመለከትኩ። ወንድሜ መኳንንት "ሐሊና፣ በዚህ ዕድሜሽ ሥዕል?" ብሎ ሲስቅብኝ፣ ኪሌሌሽዋ ያለው ምግብ ቤቱ ሁለት ሳምንት ዝር አላልኩም። ይህን ሥራ ካላገኘሁ ሌላ ዘጠኝ ዓመት እዚያው መጋዘን ነኝ። እሱን ደግሞ አልፈልግም።

ጨረቃዋን የሠራኋት አሥራ አንድ ቀን በምሳ ሰዓቴ ነው። የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት የቦረቦረውን የመጋዘኑን ሲሚንቶ ወለል በስልኬ አነሳሁና ላፕቶፔ ላይ በክብ ቆረጥኩት። ዳር ዳሩን አጎበጥኩት፤ አንዱን ጎን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አጨለምኩት። መጀመሪያ የወጣችው የተላጠ ድንች ትመስል ነበር። አጠፋኋት። ሁለተኛዋንም አጠፋኋት። ስድስተኛዋን ሳያት ብቻዬን ጮህኩ።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። ላፕቶፔ አርጅቶ ስለሚንቀራፈፍ፣ እንዲቀለው ብዬ ሌየሮቹን፣ ሥዕሉ የተደራረበባቸውን ንብርብሮች፣ ሁሉ ጨፍልቄ አንድ ሥዕል አደረግኳቸው። የወለሉንም ፎቶ ስልኬ ሲሞላብኝ አጠፋሁት። አሁን አቶ ፊሊጶስ "የሠራሽባቸው ሌየሮች የታሉ?" ሲሉኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

"ፖሌ፣ ዳዳ" አለችኝ የቢሮው ዲዛይነር ኩለሱም፣ አይዞሽ እህቴ ማለቷ ነው፣ በአዘኔታ። አዘኔታዋ ከስድቡ ባሰብኝ። ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ተመለስኩና ቦርሳዬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ከየትኛው ፎቶ ነው የሰረቅኩት? ያሳዩኝ!"

አቶ ፊሊጶስ ወደ ኩለሱም ዞሩ። ኩለሱም ኢንተርኔት ላይ የጨረቃ ፎቶ መክፈት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ጨረቃዬን ከእያንዳንዱ ጋር ጎን ለጎን አደረገቻት፤ አዞረቻት፤ ገለበጠቻት። አንዱም አልገጠመም።

"ሃኪ፣ እውነቴን ነው፣ ቦስ፣ ይቺ ጨረቃ የትም የለችም! ጥቁር ጥቁሮቹ ቦታዎች፣ ጉድጓዶቹ፣ ኦል ዲፈረንት!"

አቶ ፊሊጶስ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ደጋግመው አዩ። "ይቅርታ፣ ሐሊና" አሉ በመጨረሻ። "ስምሽን አጥፍቻለሁ።"

ደስታዬ ግን ወዲያው ተቀጨ። "አሁን ግን ሌላ ችግር አለ" አሉ ቀጥለው። "አምስቱን ፎቶዎች እዪያቸው። የተለያየ ሰው በተለያየ አገር ያነሳቸው ናቸው፤ ፊቱ ግን አንድ ነው። ጨረቃ ለምድር የምታሳየው ያንኑ ፊቷን ብቻ ነው። መጽሐፉ ደግሞ መብራት በሌለበት ለሚኖሩ ልጆች ነው፤ ጨረቃን አብጠርጥረው ያውቋታል። ያንቺን ሲያዩ 'ይቺ የኛ አይደለችም' ይላሉ።"

ልከራከር ነበር፤ ግን እውነታቸውን ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከሥሯ ኖሬ አንድ ቀን በቅጡ አላየኋትም። ሌባ ከመባል ይልቅ ይሄ አሳፈረኝ።

"ነገ ሌሎች ሁለት አመልካቾች ይመጣሉ" አሉኝ፣ በሩን በዓይናቸው እያሳዩ።

ስድስት ሰዓት ነበር። "ቢሮው የሚዘጋው በአሥራ አንድ ነው አይደል?" አልኩ። "የትኛው ወንበር ላይ ልቀመጥ?"

ኩለሱም የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። መጋዘኑ ከሰዓት ይጠብቀኛል፤ ይጠብቅ። ወርጄ የመኪና ማቆሚያውን ሲሚንቶ አነሳሁ። አንዱን ፎቶ ለማየት ብቻ ከጎኔ ከፈትኩና ጥቁሮቹን ቦታዎች አንድ በአንድ በእጄ እያኖርኩ ሄድኩ። ስሳሳት አጠፋለሁ፤ እንደገና አኖራለሁ። ኩለሱም ሻይ አምጥታልኝ ነበር፤ ቀዝቅዞ ቀረ። አንገቴ ደነዘዘ፤ ዓይኔ አለቀሰ፤ እጄ ግን አልቆመም።

አሥራ አንድ ሊሆን ሲል አቶ ፊሊጶስ ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። አዲሷን ጨረቃ ፎቶው ላይ ደረቧት። ጥቁሩ በጥቁሩ ላይ አረፈ። ገልጠው አዩ፤ ደርበው አዩ።

"ኩለሱም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። "ለነገዎቹ ሰዎች ደውዪና አትምጡ በያቸው።"

ኩለሱም ከኋላዬ አንገቴን አቀፈችኝ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

"በይ እንግዲህ ተነሺ፤ ልዘጋ ነው" አሉኝ።

"ከታች በግራ ያለችው ጉድጓድ ቦታዋን ስታለች" አልኳቸው። "እሷን ሳላስተካክል አልነሳም።"

አቶ ፊሊጶስ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።