የተያዥ መስመር

ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሙሉእመቤት ለአምስተኛ ጊዜ ደወለች። የቢኒያም ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞም አልመጣም። ሦስት ወር ሙሉ አባቷን ሲያነሣ፣ ሲያጥብና ሲያገላብጥ የነበረው ልጅ ቅዳሜ ማታ "ደህና እደሩ" ብሎ እንደወጣ ቀረ። ተያዥ ሆኖ የፈረመለት የአክስቱ ልጅም ስልክ አያነሳም። የመታወቂያው ኮፒ መሳቢያ ውስጥ አለ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል።

ልትናደድ ሞከረች። አልመጣላትም። ተኝታበት እንደደነዘዘ እጅ ሁሉ ነገር የሌላ ሰው ይመስላታል።

ወደ አባቷ ክፍል ገባች። አቶ ወልዱ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አዲሱ ገበያ ላይ አርባ ዓመት ጎሚስታ ነበሩ፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻቸውን አንከባለው የሚያወጡ ሰው። ሰኔ ውስጥ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞት ሄደ። ትናንት ማታ ኮመዲኖው ላይ ያስቀመጠችላቸው ብርጭቆ እስከ አፉ እንደሞላ ነው።

"አባባ፣ ውሃውን አልጠጡም።"

"አልጠማኝም።"

"ከትናንት ጀምሮ?"

"አልጠማኝም አልኩሽ እኮ።"

ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሐኪሙ "ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ከምግብ ይልቅ ውሃ እንዳይጎድልባቸው" ብሏት ነበር። እሷም ለምን እንደማይጠጡ ታውቃለች። የጠጣ ሰው ይሸናል፤ የሸና ሰው ይታጠባል፤ የሚያጥብ ሰው ደግሞ የለም።

ሰኞ ዕለት አንሶላው ርሶ ስታገኘው ውሃ አሙቃ በሳፋ ይዛ ገብታ ነበር። አቶ ወልዱ በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

"የኖኅን ልጅ የካምን ታሪክ አልተማርሽም? የአባቱን ዕርቃን አይቶ ምን እንደሆነ?"

"ካም እኮ የተረገመው ስለሳቀ ነው፣ አባባ። እኔ አልስቅም።"

"እሱስ እውነት ነው። አንቺ ስትስቂ አይቼሽም አላውቅ" አሉና ብርድ ልብሱን ግን አልለቀቁም።

ያን ቀን የጎረቤት ዘበኛ ለምና አሳጠበቻቸው። በማግስቱ ዘበኛው ወገቤን አለ። ከዚያ ወዲህ ከንፈር ከማርጠብ በቀር ውሃ አልጠጡም።

ሙሉእመቤት ወደ ዊንጌት አቅጣጫ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምትሠራው። ዳይሬክተሩ የፈቀደላት እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አስታማሚ የሚልክ ኤጀንሲም ጠይቃለች። በወር ሃያ ሁለት ሺህ ብር አሏት፤ ለጊዜው ያሉትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ለአባቷ ስትነግራቸው "ሴት ከሆነችማ አንቺስ አለሽ አይደል?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ደላላው ሸፊ ነው። ከኋላው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ቆሟል። ይዞት የመጣውን ዱላ ከግቢው በር አስደግፎ ነው የገባው።

"ይኸውልሽ እትዬ፣ ጉታ ይባላል" አለ ሸፊ። "ሸጎሌ ከብት ገበያ ነው የሚሠራው፣ በሬ ጠልፎ መኪና ላይ የሚጭን። አባትሽ ስንት ኪሎ ቢሆኑ ነው?"

"አባቴ በሬ አይደሉም።"

"ማለቴ... ጉልበቱን ነው እንጂ፣ በቃ።"

"በሽተኛ አስታመህ ታውቃለህ?" አለችው ወደ ጉታ ዞራ።

"አባቴን። ስድስት ዓመት።"

"ታዲያ ሥራህን ለምን ትተዋለህ?"

"ጉልበቴን በሬ ረገጠኝ። ሰው ማንሣት እችላለሁ፤ መሮጥ ግን አልችልም። ከብት ገበያ የማይሮጥ ሰው አይፈልግም።"

"ተያዥስ አለህ?"

ሸፊ አንገቱን አከከ። የመለሰው ጉታ ነው።

"ተያዥ ደመወዝተኛ መሆን አለበት ይላሉ። እኔ የማውቀው ደመወዝተኛ የለም፣ እትዬ። እኔን የሚያውቁኝ በሬዎቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ አይፈርሙም።"

ወደ ሐዋሳ ደወለች። ወንድሟ ኤርሚያስ ነው የአስታማሚውን ግማሽ ክፍያ የሚልከው።

"ተያዥ የሌለው ሰው ቤት እንዳታስገቢ!" አለ ገና ሳትጨርስ። "ነገ ቴሌቪዥኑን ይዞ ቢጠፋ ማንን ትይዣለሽ?"

"ቢኒያም ተያዥ ነበረው።"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላው?"

ከበስተኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። "እኔ ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ? ግማሹን እኮ እየከፈልኩ ነው፣ ሙሉዬ።"

"አዎ። ግማሹን።"

ስልኩን ዘጋች። ነገሩ ሊያማት ይገባ እንደነበር ገባት፤ ግን አላመማትም።

ቆመው የሚነጋገሩት የአባቷ ክፍል በር ላይ ነበር፤ በሩም ገርበብ ብሏል። ማንም ልብ አላለውም። ሸፊ በጣቱ እየቆጠረ ዋጋ ጀመረ።

"አሥራ ሁለት ሺህ። እንግዲህ ሽንት አለ፣ ሰገራ አለ፣ በየሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ አለ፣ ማጠብ አለ..."

"ዘጠኝ ሺህ። ቢኒያምም ዘጠኝ ነበር የሚያገኘው።"

"ለዚህ ነዋ የጠፋው! ከባድ እኮ ናቸው፣ እትዬ። ሙሉ ጎናቸው አይሠራም። የማይሠራ ጎን ደግሞ..."

"ሸፊ!" አለ ከውስጥ የተጎተተ ድምፅ።

ሸፊ ጣቱን እንደዘረጋ ወደ በሩ ዞረ።

"አለሁ፣ ጋሽ ወልዱ።"

"ጎማ ብሆን ኖሮ... በስንት ታስለጥፈኝ ነበር?"

ሸፊ ያረጀ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ሙሉእመቤት በሩን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ አሁን መዝጋት ምን ይጠቅማል ብላ ተወችው።

ጉታ ቦቲውን ደጃፉ ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። አልጋው አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ "አካም ቡልተኒ?" አላቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ከሰላሌ የሚወርደውን ሾፌር ሁሉ በቋንቋው ሲያስተናግዱ የኖሩት አቶ ወልዱ በሰነፈ ምላሳቸው "ነጋ"፣ ደህና፣ ብለው መለሱለት።

"የታመመው የትኛው ጎንዎ ነው?" አለ ጉታ።

"ቀኙ።"

"እኔንም የረገጠኝ ቀኙን ነው። እንግዲህ በግራ በግራ እንገናኛለን።" ዘወር ብሎ ሙሉእመቤትን አያት፤ መልሶ አባቷን። "የሚቀጥረኝ ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ? ሸጎሌ ባለቤቱን ሳላውቅ የሰው ከብት ነክቼ አላውቅም። በኋላ እዚህ ያዝ፣ እዚያ ልቀቅ የሚል ሰው ይበዛል።"

አቶ ወልዱ ዓይናቸውን ኮርኒሱ ላይ ተክለዋል። በአምስት ወር ውስጥ ቢኒያምን ስትቀጥር፣ ሐኪም ስትቀይር፣ አልጋቸውን ከመስኮቱ ስታርቅ አንድም ቀን እንዳልጠየቀቻቸው ሙሉእመቤት አሁን አሰበች።

"ቅጹን አምጣው" አለችው ሸፊን።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ የታተመ የሥራ ውል ነው። ኮመዲኖው ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። አሠሪ፦ ወልዱ ሀብቴ። ሠራተኛ፦ ጉታ ጃለታ። ደመወዝ፦ እዚህ ላይ ብዕሯን አንሥታ አባቷን አየች።

"አባባ፣ ስንት ልበል?"

አቶ ወልዱ የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፉ። "አሥር ሺህ አምስት መቶ" አሉ በመጨረሻ። "እሑድ ደግሞ ይረፍ። እኔም እሑድ አልሠራም ነበር።"

ጻፈች። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ቅጹ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ያለው የተያዥ መስመር ነው። ሙሉእመቤት ቢሮዋ ውስጥ ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ተቀብላ አታውቅም። ስንቱን ወላጅ "ሞልተው ይምጡ" ብላ ከመስኮቱ መልሳለች። ብዕሯን አስነካችና ጻፈች፦ ሙሉእመቤት ወልዱ። ሥራ፦ ሬጅስትራር። የመሥሪያ ቤቷንም ስልክ ጨመረች።

ሸፊ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

"እትዬ! የቤትሽን ሠራተኛ ራስሽ ትያዢያለሽ? ስንት ዓመት ስደልል እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።"

"የእኔ ሠራተኛ አይደለም። የአባባ ነው።"

"ዕቃ ይዞ ቢጠፋስ?"

"አባባ እኔን ይይዙኛል።"

ጉታ ወደ ኮመዲኖው ቀረበ። ስሙ የተጻፈበትን ቦታ አሳዪኝ አላትና ቀስ ብሎ ፈረመ። ሸፊ የአሻራ ቀለሙን ከኪሱ አወጣ። አቶ ወልዱ የግራ አውራ ጣታቸውን ራሳቸው ነክረው፣ ራሳቸው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ሙሉእመቤት ጣታቸውን ልትጠርግላቸው ሶፍት ስታነሣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ተይ። እሱ ይጠርገዋል።" ቀጥለውም "አንቺ አሁን ወደ ሥራሽ ሂጂ" አሏት።

ጉታ ጣታቸውን ጠርጎ ጨረሰና እጅጌውን ሰበሰበ። "እሺ ጌታዬ፣ በምን ልጀምር?"

ሙሉእመቤት ሳሎን ሆና ጫማዋን ስታስር ሰማቻቸው።

"በውሃ" አሉ አባቷ።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ብርጭቆው ኮመዲኖው ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ ተሰማት። ከዚያ አቶ ወልዱ "ድገመኝ" አሉ።

አቶ ወልዱ ያረፉት ሚያዝያ 2 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የጉታ አምስተኛ ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ገላቸውን ያጠበው እሱ ነው፤ ሙሉእመቤት እስኪጨርስ ድረስ በረንዳ ላይ ቆማ ጠበቀች።