ከመዝገቡ የጎደሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች

ጸዳለ በአርባ ምንጭ የሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው እግራቸው በሚያብጥ የገረሴ ገበሬዎች ላይ ነበር። እግርን በየቀኑ ታጥቦ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ምን ያህል እንደሚቀንሰው ለማወቅ ሁለት መቶ አርባ ሰዎችን አንድ ዓመት ሙሉ ተከታተለች። በየሦስት ወሩ ጤና ኬላ እየመጡ እግራቸው ይለካ ነበር። መጨረሻ ላይ ውጤቱ አማረላት፤ ከአሥር ሰው የስምንቱ ቀንሷል።

አማካሪዋ ዶክተር ኢሳያስ ሠንጠረዡን ረጋ ብለው አዩት።

«ሠላሳ አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ክትትሉን ያቋረጡ ናቸው፤ ከስሌቱ አወጣኋቸው።»

«ለምን አቋረጡ?»

ቅጹን ገለጠች። ቅጹ ላይ የተጻፈው «አልተገኙም» ብቻ ነው።

«ያልመጡት ከመጡት ይለዩ እንደሆነስ?» አሉ። ፊቷ ሲጠቁር አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። «እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ አድርጌ ሥራዬ ተመልሶብኛል። ሂጂና ፈልጊያቸው።»

በማግስቱ ከከተማው ሲቀላ ሰፈር ሚኒባስ ተሳፍራ ገረሴ ወጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዕድላዊት ጋሞኛ ልታስተረጉምላት አብራት ዞረች። መጀመሪያ የደረሱት ከእንሰቱ ጀርባ ካለው የወይዘሮ ልክነሽ ቤት ነው። ጎረቤት «የሉም» አለቻቸው። ዕድላዊት ግን በሩ ላይ ቆማ በስማቸው ተጣራች፤ ቆየት ብሎ ከውስጥ «ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ።

«እግሬ ሲብስ መንገዱን አልቻልኩትም» አሉ ሴትዮዋ በዕድላዊት አፍ። «ቁስሉም ይሸታል። ሰው መሀል መቀመጥ አፈርኩ። የጤና ኬላው ጸሐፊ ሊፈልገኝ ሲመጣ የለችም በሉት ያልኩት እኔው ነኝ።»

ጸዳለ እግራቸውን ለካች። በአራት ሴንቲ ሜትር ጨምሯል።

«እኛን ሳታዪ ተሽሏቸዋል ብለሽ ልትጽፊ ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ» አለች ጸዳለ።

በሁለት ሳምንት ሃያ ስድስቱን አገኘቻቸው። የሃያ አንዱ እግር ብሷል። ካልተገኙት አምስቱ ሁለቱ አርፈዋል፣ ሦስቱ ቆላ ወርደዋል። ሁሉም ሲደመር የተሻላቸው ከአሥር ሰባት ሆኑ። ቁጥሩ ከፋ፣ ምርቃቷም በስድስት ወር ተራዘመ። እሷ ግን መራመድ ያቃተው ሰው ቤቱ ድረስ ካልተኬደለት ሕክምናው እንደማይደርሰው የሚያሳይ አንድ ምዕራፍ ጨመረች። ዶክተር ኢሳያስ አንብበው ሲጨርሱ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አርመው መለሱላት።

ዕድላዊትም በሳምንት አንድ ቀን ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ ለጸዳለ ደወለችላት።

«የወይዘሮ ልክነሽ እብጠት ገና ነው» አለቻት። «ቁስሉ ግን ደርቋል። ዛሬ ገበያ ጎመን ሲሸጡ አገኘኋቸው።»