በዜማ የወጣ ቃል

አብዱልወሃብ የማሾ ጆንያዎቹን ሚዛን ላይ እንዳሉ ትቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሰ። ልጁ ሳሚያ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ መግባቷን እንድታቆም ደጋግሞ ነግሯት አልሰማችውም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ እሷ ግን ሂሳቧን ትታ ስታንጎራጉር ትውላለች። ዛሬ ራሱ ሊያስወጣት ቆርጦ ነው የመጣው።

ሊያንኳኳ ያነሣው እጁ በሩ ላይ ሳያርፍ ቀረ። በበሩ ክፍተት ያያታል፤ ሳሚያ ሰሌዳው ፊት ቆማ መንዙማ ታዜማለች። ዜማውን ያውቀዋል፤ እናቱ ሐጂራ በየመውሊዱ ሴቶቹን ስትመራበት የኖረችው ነው። ክፍሉ ሙሉ ልጅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዴስክ እየመታ ይቀበላታል።

ደሙ ፈላ። "ይሄ መጫወቻ ነው እንዴ?" አለ በሩን ገፍቶ።

መምህርት ጸደንያ ከደብረ ሲና ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ልጆቹን ጸጥ አሰኝታ ሳሚያን አስከትላ ወጣች።

"መጫወቻ አላደረግነውም፣ ጋሼ አብዱልወሃብ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዜማ ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቹ ይማሩታል። እኔ ያመጣሁትን የደጋ የአጨዳ ዜማ ከሁሉ ቀድማ የያዘችው ሳሚያ ናት። ዛሬ ተራዋ ደረሰ። አስቀድሜ እርስዎን አለመጠየቄ ግን ጥፋቴ ነው።"

"ቆይ፣ ይህንን ማን አስተማራት? እናቴ ከታመመች ወዲህ ቃል አይወጣትም።"

ሐጂራን ክረምት ላይ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበቷም ተዘግቷል። ቤተሰቡ የምትፈልገውን የሚያውቀው በግምት ነበር። ሲሳሳቱባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

"እማማ ራሷ ናት" አለች ሳሚያ አንገቷን ደፍታ። "ለቤት ሥራው ዜማ ፍለጋ አጠገቧ ሆኜ ሳንጎራጉር ተቀበለችኝ። መናገር እንጂ ማዜም አላቃታትም።"

"አትዋሺ!"

"ወላሂ፣ አባዬ! ና ላሳይህ።"

አብዱልወሃብ ወደ መምህርቷ ዞረ። "እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው" አለችው። "ሄደው ይዩ።"

ቤት ሲደርሱ ሐጂራ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሳሚያ በግራዋ ተጠግታ የአያቷን እጅ ያዘችና ጉልበቷ ላይ ቀስ እያደረገች መታ መታ አደረገችው።

"ክፍል ውስጥ ቃል ሲከብደን እንዲህ በእጅ እየመታን ነው የምናዜመው" አለችው አባቷን።

የመንዙማውን መነሻ አወጣችና ግማሽ ላይ ቆመች። የሐጂራ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ የቀረውን አንድም ቃል ሳታጎድል ጨረሰችው።

አብዱልወሃብ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

ሳሚያ በዚያው ዜማ፣ "እማማ፣ ምን ላድርግልሽ?" አለች።

አሮጊቷ እጇን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ መታች።

"ደ... ጅ" አለች በዜማ። ደግማም፣ "ደጅ።"

ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ትንፋሽ ያሳጥራል። ከታመመች ጀምሮ፣ ነፋስ እንዳይመታት ብሎ፣ ከክፍሉ እንዳትወጣ ያዘዘው ራሱ አብዱልወሃብ ነበር። የምትወደውን ጭማቂ ሁሉ አምጥቶላታል። ይህን አልገመተም።

አቅፎ አነሣትና ግቢው ውስጥ ያለው የማንጎ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ሐጂራ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች።

ስልኩ ጮኸ። ማሾውን የሚገዛው ነጋዴ ነው። "መኪናው ቆሞ እየጠበቀህ ነው፤ የት ገባህ?"

"ዛሬ አልመጣም፤ ከሌላ ሰው ጫን" አለና ዘጋው።

ሳሚያ ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ ቆማለች። "አባዬ፣ የሙዚቃውን ክፍል ላቁም?"

አብዱልወሃብ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ የእናቱን ግራ እጅ ያዘ። መጀመሪያ አጥብቆ፣ ከዚያ ላላ አድርጎ።

"ማቆሙን ተይው" አላት። "በእጅ እንዴት እንደሚመታ አሳዪኝ። ቀስ ብለሽ፣ ከመነሻው።"