በኬልሲ ሠርግ ላይ የጮኸው ጡሩምባ

ሪና ከጀርባዋ የደበቀችውን የአባቷን የጀልባ ሬዲዮ ቁልፍ አምስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችው። ጀልባ ነጂዎች ጭጋግ ሲያፍናቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የመብራት ማማው ጡሩምባ ምልክቱን ሰምቶ እየጮኸ ወደ ወደቡ ይመራቸዋል። ዛሬ ግን ሰማዩ ኩልል ያለ ነበር። ማዕበል በሚመልሰው ግንብ ጫፍ፣ ከቀዩ ማማ ሥር፣ የአክስቷ ልጅ ኬልሲ እያገባች ነው። ሪና የፈለገችው ሙሽራው ሊስም ሲል አንዴ እንዲደነግጥላት ብቻ ነበር።

ደነገጠላት። ጅራቱን እንደረገጡት ድመት ዘለለ። ሙሽሪት ሳትቀር ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

ጡሩምባው ግን አንዴ ከተነሣ የሚያስቆመው የለም፤ ትንፋሽ እየወሰደ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጮሃል። ሪና ይህን ታውቃለች። የረሳችው ቀጥሎ የሚናገሩት አያቷ ቶይቮ መሆናቸውን ነው።

አያቷ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። ለዚህች ምርቃት ክረምቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆመው ሲለማመዱ ከርመዋል። ተነሡ።

"ልጄ ኬልሲ..." ጡሩምባው ዋጣቸው። ጠብቀው ደገሙ። "አያትሽ ዛሬ ብትኖር..." አሁንም ዋጣቸው። ሳል አጣደፋቸውና ተቀመጡ። ሳቁ ቀረ። ኬልሲ አለቀሰች።

የሪና አጎት ካርል ከግንቡ ዳር ወደቆመው ነጭ ጀልባ ጣቱን ቀሰረ። ይሄ በበጋ ብቅ የሚል እንግዳ እንጂ ሬዲዮ መጫወቻ የሚመስለው ሌላ ማን አለ፣ አለ። የጀልባው ባለቤት ኮፍያውን አውልቆ መጣና አልነካሁም ብሎ በእናቱ ማለ።

"እናትህን ተዋትና ጀልባህን ይዘህ ሂድልን" አለው ካርል።

ሪና ፊቷ እሳት ሆነ። ሬዲዮውን ጃኬቷ ሥር ወሸቀችው። ይሄኔ አያቷ በእጃቸው ጠሯት።

"ነይ አንቺ ጯሂ። እኔ በጆሮሽ ልንገርሽ፣ አንቺ አሰሚልኝ። ጡሩምባውን የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ሰው ሁሉ ፈገግ አለላት። አጎቷ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ፣ "ጎሽ የኛ ልጅ!" አላት። በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር።

ጎንበስ ብላ የአያቷን ቃል ተቀበለች፤ አንዱም አላመለጣት። ቀና ስትል ያ እንግዳ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጀልባው እየተመለሰ ነበር።

"ጋሼ፣ አይሂዱ!"

ጡሩምባው ጮኸ። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ሬዲዮውን ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገችው።

"የአያቴን ከመናገሬ በፊት፣" አለች፣ "የራሴን ልናገር።"