ታርኑዌ እግር ያዘ

ታርኑዌ ዓሣ ሻጯን ማ ሎርፑን ይቅርታ ሊጠይቅ ጠበቃውንና አንድ ቪዲዮ ቀራጭ አስከትሎ በጠራራ ፀሐይ ግባርንጋ ገበያ መጣ። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ነው፤ ይሄኛው ግን በሚያውቁት መጣ።

በወደቀው አገዛዝ ዘመን የላይቤሪያን ጫካ በመጋዝ የጨረሰው፣ ታጣቂ ያሰማራውም እሱ ነበር። አሜሪካኖቹ የእሱንና የመሰሎቹን ሀብት አግደው ማዕቀቡን በየዓመቱ ያድሱታል። የዘንድሮው እድሳት ሲቃረብ ጠበቃው መላ አመጣ፦ የተበደለች ሴት ይቅር ስትለው በቪዲዮ ከታየ ስሙ ከማዕቀቡ ዝርዝር ሊሰረዝ ይችላል። ተሰረዘ ማለት ደግሞ መጋዙ ተመልሶ ጫካ ገባ ማለት ነው።

ማ ሎርፑ የደረቀ ዓሣዋን እየደረደረች ነበር። ባሏን ሙልባን የታርኑዌ ሰዎች ከቤቱ ወስደው አልመለሱትም። በአገሩ ልማድ በዳይ እግር ከያዘ ተበዳይ እጁን ይዞ ያነሣዋል፤ ካነሣው ነገሩ አለቀ። አላነሣም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ገና ሲመጣ ስታየው ፈራች።

ታርኑዌ ተንበርክኮ ሁለት እግሯን ያዘ።

"ኦልማ፣ እናታችን፣ እግርሽን ይዣለሁ። ማሪኝ።"

"ስለ ምኑ?"

"ስላለፈው... ስለ ሁሉም።"

"ሁሉም የሚባል ባል አልነበረኝም። ማንን ምን እንዳደረግህ ተናገር፤ አሁኑኑ አነሣሃለሁ።"

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ "ጌታዬ፣ ስም እንዳይጠሩ! ጥፋቱን ማመን ይሆንብዎታል" ሲለው ገበያው ሁሉ ሰማ።

"ውይ፣ ምላሱንም አግደውበታል እንዴ?" አለች በርበሬ ሻጯ ኬቤ።

ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። ማ ሎርፑ ግን አልሳቀችም፤ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። እሱ ላቡን እየጠረገ አንዴ ጠበቃውን አንዴ ካሜራውን አየ። በመጨረሻ የሙልባን ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳያነሣው ሱሪውን እያራገፈ ራሱ ተነሣ። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ወደ መሬት አዘቅዝቆ ተከተለው።

በሳምንቱ ሬዲዮኑ ማዕቀቡ ለአንድ ዓመት መታደሱን ተናገረ። ገበያው በጩኸት ተናጋ። ኬቤ ባዶ የዘይት ጀሪካን ገልብጣ ከበሮ አደረገችው፤ ዓሣ ሻጮቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ጨፈሩ። ማ ሎርፑ ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲህ ተደስታ አታውቅም። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

"ሙልባ!"

ገበያው በሙሉ በአንድ አፍ "አቤት!" አለ።