ከታች ሆነው የፈረሙት

ከፍታ እፈራለሁ። ይህን ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እሷ የመሐንዲስ ሥራ ወረቀት ላይ መስመር ማስመር ይመስላታል፤ እኔም አላረምኳትም።

በሕንፃ ግንባታ ሳይታችን አርባ ያህል ባለሙያ አለ፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስንማር ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሴቶቹ ሦስት ነበርን። አንዷ ባንክ ገባች። ሌላዋን «ለአንቺ ሲሚንቶ ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት ሲሏት ሰለቻትና ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። እኔ ቀረሁ፤ ግትር ስለሆንኩ እንጂ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጎበዟ ባንክ የገባችው ነበረች። ሳይት ላይ «እሜቴ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን ከሁሉም በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለአክብሮት እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ኮንቴይነሩ ቢሮ ውስጥ ጠራኝና አንድ ቅጽ ሰጠኝ።

«የክሬኑ ወርሃዊ ፍተሻ ነው። ረጅሙን ወደ መሠረት ሥራው አዛውሬዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው። እኩልነት እኩልነት ስትሉ አልነበር?»

ረጅሙ የሚሉት ከእኔ በፊት ክሬኑን ይፈትሽ የነበረውን መሐንዲስ ነው። በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። የምፈራ መሆኔን አውቀው ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

ቅጹ ቀላል ነው። የክሬኑ ምሰሶ እርስ በርስ በተያያዙ የብረት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አሥራ አንድ መጋጠሚያ አለው፤ በያንዳንዱ መጋጠሚያ ስምንት ቡሎን። እያንዳንዱን በእጅ ነክቶ፣ በማጥበቂያ ቁልፍ ሞክሮ «ጠብቋል» በሚለው ሥር ምልክት ማድረግ ነው። ያለፉትን ወራት ቅጾች ገለጥኩ። ሁሉም በምልክት ተሞልተዋል፤ ከግርጌያቸው የረጅሙ፣ ከእሱም በፊት የነበሩት ፊርማ አለ። እነሱ ከወጡት እኔ የማልወጣበት ምክንያት የለም አልኩ ለራሴ።

የደህንነት ቀበቶው ለትልቅ ወንድ የተሠራ ነው። የጭኑ ማሰሪያ እስከ መጨረሻው ተስቦም ሁለት እጅ ያስገባል። «አነስ ያለ የለም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ለሴት ማን ያዝዛል እህቴ?» አለኝ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ። በክፋት አልነበረም፤ አዝኖልኝ ትርፉን በገመድ ቋጠረልኝ። ብወድቅ ከቀበቶው ሾልኬ እንደምወጣ ሁለታችንም ገብቶናል።

ክሬኑ ለፍተሻው ቆሟል። ኦፕሬተሩ፣ አሞራው የሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ እላይ ስለሚውል ነው ስሙ የወጣለት፣ ከመሰላሉ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። «ቀስ እያልሽ እህቴ» አለኝ። ከክሬኑ ሥር ከተሰበሰቡት ሳይስቅ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መጋጠሚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ሦስተኛው ስደርስ መሰላሉ ላይ ሙጭጭ አልኩ። መሰላሉ ምሰሶው ውስጥ ነው፤ ቡሎኖቹ ግን ማዕዘኑ ላይ ናቸው። አሞራው በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፋል እንጂ አይነካቸውም። ለመንካት አንድ እግርን ከመሰላሉ ላይ አንስቶ፣ በብረቱ ላይ ተዘርግቶ መንጠልጠል ያስፈልጋል። ይህን ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አራት ጊዜ። ከታች ፊቶች አንጋጠዋል፤ ስንተኛው ላይ እንደምመለስ ተወራርደው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ብወርድ «እሷ ፈራች» አይሉም። «ሴቶች አይችሉም» ነው የሚሉት። ረጅሙ ቢወርድ ረጅሙ ብቻ ነው የሚወርደው፤ እኔ ብወርድ ገና ያልተመረቁት ሴቶች ሁሉ አብረውኝ ይወርዳሉ። ማን አሸከመኝ ይህን? አራተኛውን የወጣሁት በንዴት ነው። አምስተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ። ስድስተኛው ላይ ብረቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከታች ስለማይታይ። ከዚያ በቀኝ እጄ ቁልፉን፣ በግራ እጄ ነፍሴን ይዤ ቀጠልኩ።

ዘጠነኛው መጋጠሚያ ላይ፣ በአንዱ ማዕዘን፣ የወፍ ጎጆ አገኘሁ።

ያረጀ ጎጆ ነው፤ ቡሎኖቹ አናት ላይ ተሠርቶ፣ ዝናብ መትቶት፣ ፀሐይ አድርቆት። ወፏ እንቁላል ጥላ፣ ጫጩቶቿን አሳድጋ ሄዳለች። የቅርፊቱ ስብርባሪ አሁንም አለ። ቅጹ ላይ ግን ይህ ቡሎን በየወሩ በቁልፍ ተሞክሯል። የሳቃቸው ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው። አንዳቸውም ወጥተው አያውቁም። ከታች ሆነው፣ ቀና ብለው አይተው ነው የሚፈርሙት። የአደባባይ ምስጢር ነው፤ የፌሮ ብረት መቁረጫው ጀርባ ሻይ ሲጠጡ የሚወራ። እኔ ስደርስ ወሬው ስለ አየሩ ስለሚሆን አልደረሰኝም። ለካ እነሱም ይፈራሉ።

ጎጆውን ገፋ አደረግኩትና የቡሎኑን ማጥበቂያ ዳዶ ነካሁት። በጣቴ ዞረ።

እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። አጠገቡ ያለውን ሞከርኩ፤ እሱም ዞረ። በሚቀጥለው ማዕዘን አንዱ ቡሎን ጭራሽ ዳዶ የለውም። ቀዳዳው ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ተከምሯል፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣው። ይህ ሁሉ ከበላዩ ያለውን የክሬኑን ክንድ፣ የሚዛን መጠበቂያውን ክብደትና የአሞራውን መንጃ ክፍል ተሸክሞ ነው። ነፋስ ሲነካው ምሰሶው ትንሽ ተወዛወዘ፤ ወይም እኔ ነኝ የተወዛወዝኩት። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

መሬት ስነካ ሁሉም እያዩኝ ተቀመጥኩ። አለቃው መጣ።

«ዘጠነኛው ላልቷል» አልኩት። «ሦስት ቡሎን። አንዱ ዳዶ የለውም። ክሬኑ መነሳት የለበትም።»

እጄን አየ፤ ይንቀጠቀጣል። ድምፁን አለሰለሰ። «ፈርተሽ ነው እህቴ። ከፍታ ዓይን ያታልላል። ሂጂ ውኃ ጠጪ። ሦስት ቶን ፌሮ እየጠበቀ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ፈትቷል።»

«እኔ ባለፈው ወር በእጄ ነው ያጠበቅኩት» አለ ረጅሙ።

መፍራቴ እውነት ነው፤ ሊደበቅም አልቻለም። ያየሁትም እውነት ነው። ግን የሚንቀጠቀጥን ሰው ቃል ማን ያምናል? ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ።

«በእጅህ ከሆነ፣» አልኩት ረጅሙን፣ «ጎጆው በየትኛው ማዕዘን ነው?»

«የምን ጎጆ?»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃው ግን እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ፊቱን ወደ ኦፕሬተሩ አዞረ። «አሞራው፣ ውጣ! እስከ ምሳ ፌሮው መነሳት አለበት።»

አሞራው ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፤ መሰላሉ ፊት ቆምኩ። ያሰብኩበት አይደለም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። አሞራው የሚገፋኝ መስሎኝ ነበር።

«በዓይንሽ አየሽው?» አለኝ።

«በጣቴ አዞርኩት።»

የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሰሶው ሲንቋቋ ነበር። ብናገር ‹ፈሪ ለእናቱ› ተባልኩ። እኔ አልወጣም።»

ሌላ ኦፕሬተር አልነበረም። አለቃው ተሳድቦ፣ ስልክ ደውሎ ለማግስቱ የክሬን ጠጋኞች ጠራ።

ማታ እራት ላይ እናቴ እጄን ያዘችው። መዳፌ ተገሽልጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እርሳስ ነው እማዬ።»

«እርሳስ እንዲህ ይልጣል?» ሳህኔን ሞላችልኝ፤ እኔ ግን አልነካሁትም። ጠጋኞቹ «ምንም የለበትም» ቢሉስ? አለቃው ትክክል ቢሆንስ፣ ፍርሃቴ ያሳየኝ ነገር ቢሆንስ? አርባ ሰው፣ የቆመ ሥራ፣ የቆመ ክሬን፣ በአንዲት ሴት ቃል። በማግስቱ «ሴት ቀጥረን ያመጣነው ጣጣ» ተብሎ ሲወራ እየሰማሁ ነበር።

በማግስቱ ጠጋኞቹ ወጥተው የላሉት ቡሎኖች አምስት መሆናቸውን ነገሩን። እኔ ሁለቱን አላየኋቸውም ነበር። ግማሽ ቀን ሠሩ፣ ወረቀታቸውን ፈረሙ፣ ሄዱ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ረጅሙ ያለወትሮው «ደህና ዋልሽ» አለኝ፤ በቂ ነው መሰለኝ።

አለቃው የጠጋኞቹን ወረቀትና የእኔን ቅጽ አንድ ላይ ይዞ መጣ። «ይኸው ተስተካክሏል። ፈርሚና ሥራ እንጀምር።»

አሞራው መሰላሉን በአንድ እጁ ይዟል። አለቃውን አላየውም፤ ያየው እኔን ነው።

«ልውጣ እህቴ?»

ትናንት የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ ለካ እሱ ቀላል ነው። አሁን አንድ «እሺ» ከአፌ ቢወጣ ይህ ሰው በቃሌ ተማምኖ ይወጣል። አዲሶቹን ቡሎኖች አላየሁም። የሰው ፊርማ ብቻ ነው ያየሁት፤ የሰው ፊርማ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አይቻለሁ። እስክሪብቶውን ለአለቃው መለስኩለት።

«ቆይ» አልኩት አሞራውን። «መጀመሪያ እኔ ልያቸው።»

«ደግሞ ልትወጪ?» አለ አለቃው። «አትፈሪም እንዴ?»

«በጣም» አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ፤ እና መሰላሉን ያዝኩ።