ልጅቱ ያመጣችው ቃል

አዛለችና ደረበ ለመፋታት ፍርድ ቤት የቀረቡት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ዳኛዋ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ ወዲያው አላፋቷቸውም።

«የማሰቢያ ጊዜ ሰጥተናችኋል» አሏቸው። «መስከረም ላይ ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትቆይ። አባትም እንዳያያት አይከልከል።»

አዛለች መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች ድንበር ለመሻገር ከሚሰለፉበት መንገድ ጀርባ፣ ልብስ ሰፊ ናት። ደረበ የትራክተር ሹፌር ነው። ለዓመታት ገዳሪፍ እየተሻገረ ሲያርስ ኖሮ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተመለሰ እንጂ አልተቀመጠም። ከግቢው በር እስከ ጓሮ ሲመላለስ ይውላል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ምሳ ሲቀርብ ተነስቶ ይወጣል፤ ምን ሆንክ ሲሉት ይጮሃል። አንድ ቀን በንዴት የስፌት መኪናዋን በእግሩ ገፍትሮ ገለበጠው። መኪናው ተጠገነ። አዛለች ግን ከዚያ ወዲያ እሱ ቤት ውስጥ እያለ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታት።

ደረበ ከከተማው ላይኛው ጫፍ፣ እህቱ ባየሽ ቤት ገባ። አዛለች ስልኩን አታነሳለትም፤ እሱም ደጇን አይረግጥም። በመካከላቸው የምትመላለሰው ልጃቸው ሃይማኖት ብቻ ሆነች። አምስተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ እንደልቧ ትሄዳለች።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ልብሱን የሚወስድለት ሰው ይላክ፤ ፊቱን ማየት አልፈልግም።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፤ ልጄን ልትነጥቀኝ ከሆነ ዳኛ ፊት እንተያያለን።»

ሃይማኖት መጀመሪያ የተነገራትን እንዳለ ታደርስ ነበር። ቃሉን እንዳትረሳው መንገዱን ሙሉ በልቧ እየደጋገመች ትሄዳለች። ከዚያ የሰሚውን ፊት ታያለች። አባቷ ከተቀመጠበት ይነሳና ግቢውን መዞር ይጀምራል። እናቷ የሰፋችውን መልሳ ትተረትራለች።

ሐምሌ ላይ አዛለች «እሱ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ አገኘን በይው» ብላ ላከቻት። ልጅቷ ጭቃውን እየረገጠች ባየሽ ቤት ስትደርስ፣ ደረበ ደጅ ላይ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ይጠርጋል። ሲያዜም ሰማችው። ካዜመ ስንት ጊዜው!

«ምን አለች?» አላት፤ ዜማውን አቋርጦ።

ሃይማኖት ቃሉን አፏ ላይ አድርሳ ዋጠችው። «ዝናብ ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ እርሻ ስትሄድ ተጠንቀቅ ብላሃለች።»

«እሷ?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ያን ቀን ደረበ ምሳውን ከእህቱ ጋር ቁጭ ብሎ በላ።

ቤት ስትመለስ እናቷም «ምን አለ?» ብላ ጠበቀቻት። ደረበ የላከው አሁንም ያንኑ የዳኛ ነገር ነበር። ሃይማኖት ግን «የመኪናው ነገር ይቆጨኛል ብሏል» አለች። የአዛለች እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። አንዱ ለስለስ ሲል ሌላውም ለስለስ ያለ ቃል ይልካል፤ ልጅቷም በላዩ ትጨምርበታለች። አባዬ መጮህ ትቷል። እማዬ ስለ አንተ ጠየቀችኝ። አባዬ ሐኪም ቤት እየሄደ ነው፤ እንቅልፉ ተመልሷል። እንዳይምታታባት ለማን ምን እንዳለች ማታ ተኝታ ታስባለች። መብላት ቀነሰች። ስታወራ እግሯ አያርፍም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አዛለች ሙቀቱ ነው ብላ አለፈችው። እሷ ራሷስ መች አርፋ! በነሐሴ የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ ደጅ ትወጣለች፤ መንገዱን አይታ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትወጣለች። ይቅር ልበለው? ደግሞ ቢጀምረውስ? ልጅቷን አስቀምጣ «እንዴት አድርጎ ነው ያለው? ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» ትላታለች። ሃይማኖትም ፊቱን ትፈጥርላታለች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አዛለች ሐሳቧን ጨርሳ ነበር፤ ታርቀናል፣ ፋይሉ ይዘጋልን ልትል ነው። አዲስ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች።

«ዛሬ ከአባዬ ጋር ትነጋገራላችሁ?» አለቻት ሃይማኖት።

«እንግዲህ መነጋገራችን ይቀራል? ምነው?»

«ምንም። እኔ አክስቴ ቤት ሄጄ ከአባዬ ጋር እመጣለሁ።»

ደረበ ፍርድ ቤቱ ግቢ የደረሰው ብቻውን ነው። ጺሙን ተላጭቷል። ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አዛለች በሌላው ጫፍ ናት።

«ሐኪም ቤቱ እንዴት ነው? ረዳህ?» አለችው።

«የምን ሐኪም ቤት?»

«የምትሄድበት ነዋ።»

«እኔ? የትም አልሄድኩ። ማነው ያለሽ?» ዞር ብሎ አያት። «አንቺስ፣ የዝናብ ልብስህን እልክልሃለሁ ብለሽ የት ደረሰ? እየጠበቅኩ ነበር።»

«ስለ ዝናብ ልብስ ያወራሁት የለም» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «ደረበ፣ የስፌት መኪናው ነገር ይቆጨኛል ብለሃል?»

ደረበ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አዛለች መጀመሪያ ፊቷ ጋለ። አዲሱ ቀሚሷ አሳፈራት፤ አባትና ልጅ ሲስቁባት የከረሙ መሰላት። ደረበም ጥርሱን ነክሶ ብድግ አለ። ድንገት ግን ሁለቱም እኩል ዞረው በሩን አዩ።

«ልጅቷስ?»

«አንተ ዘንድ ነው የመጣችው!»

«ኧረ አልመጣችም!»

ቀጠሯቸው ሳይጠራ ወጥተው ሮጡ። ባየሽ ዘንድ የለችም። ትምህርት ቤቱ ተቆልፏል። ባጃጅ ይዘው ገበያውን ዞሩ፤ ሰሊጥ አጨዳ ፍለጋ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች መንገዱን ሞልተውታል። አዛለች ከባጃጁ አንገቷን አውጥታ የሴት ልጅ ራስ ባየች ቁጥር «ሃይማኖት!» ትላለች። ከባጃጁ ወርዳም በጭነት መኪኖቹ መካከል ጎንበስ እያለች ከሥራቸው ታያለች። ወዲያ ማዶ ሱዳን ነው፤ የተሻገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አልፈለገችም።

«እዚህ ነበር የምትጠብቀኝ» አለ ደረበ ድንገት። «ከገዳሪፍ ስመለስ። ሩፊዳ ዘንድ።»

ሩፊዳ ከጦርነቱ በፊት የመጣች ሱዳናዊት ናት፤ ከኬላው አጠገብ በሸራ ዳስ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ሲሮጡ ስታያቸው በእጇ ቀስ በሉ አለቻቸው። ሃይማኖት ከምድጃው ኋላ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አትቆጡ» አለች ሩፊዳ በተሰባበረ አማርኛ። «ቢንት፣ ልጅቷ፣ ሆዷ ፈርቷል። ከጠዋት ውሃም አልጠጣችም።»

ሃይማኖት ሲያቅፏት እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። «ዋሸሁ» አለች። «ሁሉንም። እናንተ የምትሉት ነገር አፌን ያመኛል። አልቻልኩም።»

አዛለች ከልጅቷ አጠገብ ተንበረከከች። ደረበ አቧራው ላይ ቁጭ አለ። እጁን የት እንደሚያደርገው ያጣ ይመስል መሬቱን ይዳብሳል።

«ስለ መኪናው አላልኩም» አለ፣ ልጅቷን ሳይሆን አዛለችን እያየ። «ማለት ነበረብኝ። በእግሬ ስገፋው ፊትሽን አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አይጠፋም። ግን ምኔን እንደሚያመኝ አላውቅም አዛለች፤ መቀመጥ አልችልም።»

«እኔም በሰላም አልተኛሁም» አለች። «ተኛን ብዬ ልኬብህ ነበር። ይህች ግን አላደረሰችውም።»

ሩፊዳ ሳትጠየቅ ሻይ ቀዳች።

ፍርድ ቤት ሲመለሱ ዳኛዋ የመዘግየታቸውን ምክንያት ሊጠይቁ ጀምረው፣ የልጅቷን ፊት አይተው ተዉት። ሃይማኖትን ብቻዋን ቢሯቸው አስገብተው አነጋገሯት። ደጅ ላይ የቀሩት ወላጆች አንዴ ይቀመጣሉ፤ አንዴ ይነሳሉ።

«ማንን ትመርጫለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም» አሏቸው ዳኛዋ ኋላ። «ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም አይጫንባትም። ከዛሬ ጀምሮ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ለአባትሽ ንገሪው የሚባል ነገር ይቁም። ብትታረቁም ብትፋቱም የዚህች ልጅ እናትና አባት ናችሁ። የምትባባሉትን ራሳችሁ ተባባሉ። አሁን ሐሳባችሁን ንገሩኝ።»

አዛለች ቶሎ አልመለሰችም። «ዛሬ ጠዋት ልታረቅ ነበር የመጣሁት» አለች። «የታረቅኩት ግን ልጄ ከፈጠረችው ሰው ጋር ነው። ይህኛውን ገና አላውቀውም። እሱ ባለበት ቤት ተመልሼ አልገባም።»

ደረበ አንገቱን ደፋ። «እውነቷን ነው» አለ።

ፍቺው በስምምነት ጸደቀ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አባቷ ከእርሻ ሲወጣ እንዲወስዳት፣ ቀኑንም ራሱ ለአዛለች ደውሎ እንዲያስታውቅ ተስማሙ። ደረበ ሐኪም ቤት የሄደው በዚያው ሳምንት ነው። ያነጋገረው ባለሙያ ከጦርነት አካባቢ የተመለሱ ብዙ ሰዎች እንደሱ እንደሚሆኑ ሲነግረው አልቅሷል፤ ይህንንም ለአዛለች በስልክ ራሱ ነገራት። አንዳንድ ቀን ሕክምናው ይሰለቸውና ይቀራል። አንዳንድ ቀን ስልክ ላይ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ያኔ አዛለች «ሲበርድልህ ደውል» ብላ ትዘጋለች።

በአጨዳው መካከል አንድ ከሰዓት ደረበ መጣ። የግቢው በር ላይ ቆመ፤ ገላው ሁሉ የሰሊጥ ገለባ ነው።

«ቅዳሜ ልወስዳት ነበር» አለ። «ግን ዝናብ ያሰጋል፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ መሰብሰብ አለበት። እሑድ ይሁን?»

«እሑድ ከቀትር በኋላ ይሁን። ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ቀጠሮ አላት።»

«እሺ።»

ከውስጥ ሃይማኖት ብድግ ብላ ወደ በሩ መጣች። «ምን አለ? ምን ልበለው?»

«ለእኔ ነው የነገረኝ፤ መልሼለታለሁ» አለች አዛለች። «ጨዋታሽን ጨርሺ።»

ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። ከዚያ ተመለሰችና ጠጠሮቿን መልቀም ጀመረች። አንዱን ወደ ላይ ወርውራ ልትቀልበው ስትል አመለጣት፤ ጆሮዋ አሁንም በሩ ላይ ነበር።